የታንጉት ግራ እጅ

ታንጉት ልጅ ሳለች እናቷ ግራ እጇን በመቀነት ጫፍ ከወገቧ ጋር ታስርባት ነበር። ለክፋት አልነበረም። ግራኝ ልጅ ባል አታገኝም፣ ብታገኝም እንግዳ ፊት ዋንጫ በግራዋ አቀብላ ታሳፍረዋለች የሚሉ ዘመዶች ስለበዙ ነው። ቀኝ እጇ ቀስ በቀስ መብላትን፣ ማቀበልን፣ ማማተብን ለመደች። ግራዋ ግን መቀነቱ በተፈታ ቁጥር ወደ መሬት ትወርድና አቧራው ላይ መስመር መጣል ትጀምራለች። ቅጠል ትሥላለች፤ የዶሮ እግር ትሥላለች፤ ከዚያ ሰው ሳያይ በመዳፏ ታጠፋዋለች።

ሠዓሊው ወልደ ገብርኤል ያገባት ያንን አቧራ አይቶ ነው ይባላል። እሱ ሲጠየቅ ግን፣ «ቀለም የምትፈጭልኝ አጥቼ ነዋ!» ብሎ ይስቅ ነበር።

ቤታቸው ከዋርካ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ነበረች፤ ከቡሬ ማለዳ የተነሣ እግረኛ ለምሳ የሚደርስባት አገር። ወልደ ገብርኤል በጋውን ከደብር ደብር እየዞረ ሲሥል ይባጃል፤ ክረምት ሲገባ ይመለስና እቤቱ ተቀምጦ ይሥላል። የአገሩ ሠዓሊ በጨርቅ ላይ ሥሎ ሲያበቃ ነው ጨርቁን ከቆዳ በተፈላ ሙጫ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው። ታንጉት ሙጫውን ታፈላለች፤ ከገደል ሥር የተቆፈረውን ቀይ አፈር በድንጋይ ትፈጫለች፤ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ትፍቃለች። ሰማያዊው ብቻ ከቡሬ ገበያ፣ በነጋዴ እጅ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል። ያንን ወረቀት ስትፈታ ሁልጊዜ ትንፋሿን ትይዛለች። ያን የሚያህል ሰማይ እፍኝ በማትሞላ ጥቅልል ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ዕድሜዋን ሙሉ ሊገባት አልቻለም።

አንድ ቀን ወልደ ገብርኤል ብሩሽ የሚሞክርበት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ያልሣላትን አበባ አገኘ።

«ይህን ማን ሣለው?»

«አይጥ ትሆናለች» አለች ታንጉት፣ ከምድጃው ቀና ሳትል።

ጨርቁን ይዞ ወደ ደጁ ብርሃን ወጣ። አዙሮ አዙሮ አየው። «እንግዲያ ይቺ አይጥ ግራኝ ናት» አለ።

ደነገጠች። «በምን አወቁ?»

«የኔ መስመር ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የሷ ወደ ግራ። እጅ እኮ እንደ እግር ዱካ አለው፣ አንቺ።» ከዚያ ብሩሹን አነሣና ወደ ግራ እጇ ዘረጋላት። ለዚያች እጅ አንድ ነገር ያቀበላት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በአንዱ ክረምት የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አፈሰሰ። ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ ከመጋረጃው በስተኋላ፣ ልጇን ታቅፋ የምትታይ የእመቤታችን ሥዕል ነበረች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደነበረች የሚያስታውስ ሰው የለም። መካን የሆነች ሴት ከወጀትም ከደምበጫም እየመጣች ትሳልባታለች። ዝናቡ ያንን ፊት እስከ አገጩ ድረስ አጥቦ ወሰደው። የደብሩ ገበዝ ቄስ ወልደ ሥላሴ ጃንጥላቸውን እንኳ ሳያጥፉ ወደ ሠዓሊው ቤት ገቡ።

«ሕዝቡ እንዲህ ሆና ካያት ጉድ ፈላ» አሉ። «ለፍልሰታ መጋረጃው ይከፈታል። እስከዚያ ቁርጥ እሷን አድርገህ ሥልልኝ። እኔ ጸዳች እላለሁ። ከኔና ከአንተ ሌላ ማንም አይወቅ።»

ጊዜው አጭር ነበር። ወልደ ገብርኤልን ያኔም ደረቱን ያመው ጀምሮ ነበር። በሩን ዘግተው፣ አዲስ አቡጀዲ ወጥረው፣ ሁለቱም ቁጭ አሉ። እሱ ፊቱንና እጁን ሣለ። እሷ ቀሚሱን፣ ካባውንና የካባውን ጠርዝ። ጠርዙ ላይ ስድስት ስድስት ቅጠል ያላቸው ትናንሽ አበባዎች ደረደረች። እሱ እየሣለ ይስላል፣ እየሳለ ያያታል። «ይቺ አይጥ ብርቱ ናት» ይላል። ዝናቡ ክዳኑን ሲደበድበው፣ ጢሱ ዓይናቸውን ሲያስነባቸው፣ ታንጉት ከዚያ ክረምት የበለጠ ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችም። አሮጌው ጨርቅ በቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ በክብር ተቀበረ፤ አዲሱ ተለጠፈ። ለፍልሰታ መጋረጃው ሲገለጥ ሴቶቹ፣ «ታጥባ እንዴት አማረባት!» ብለው እልል አሉ። ገበዙ እንኳ የታንጉት እጅ እንዳለበት አላወቁም።

ልጅ አልወለዱም። ወልደ ገብርኤል ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበረው ክረምት በዚያው በደረቱ ሕመም ሞተ። ከዚያ ወዲህ ታንጉት ጥጥ ፈትላ ትኖራለች። እሑድ እሑድ በሴቶች በኩል ትቆምና መጋረጃው ገለጥ ሲል በነጠላዋ ውስጥ ቀና ትላለች። ፊቱ የሱ ነው፤ ልብሱ የሷ ነው። መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል፣ ቤቱም አንዱ ማገር ወድቋል፤ ሁለቱ አብረው የቀሩት እዚያች ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።

ጣሊያን መጣ። ቡሬ ላይ ምሽግ ሠራ፤ ቀኑ የሱ ሆነ፣ ሌሊቱና ጫካው የአርበኛ። አርበኛ አደረባችሁ እየተባለ መንደር ይቃጠላል፤ ከመንደሩ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይቃጠላል። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ጥቂት ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ አስከትሎ ዋርካ ማርያም ደጅ ከበቅሎ ወረደ። ሲልቪዮ ይባላል። ቆቡን አውልቆ፣ ጫማውን ፈትቶ ገባ፤ ይህን ያየ ሁሉ ተገረመ። ሥዕሏ ፊት ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ፣ «ከመቼ ጀምሮ ያለች ናት?» ብሎ አስጠየቀ።

ገበዙ ቄስ ወልደ ሥላሴ በልባቸው አሰቡ፤ ቅርስና ጥንታዊ ነገር የሚያከብር ሰው ከሆነ ቤተ ክርስቲያኗን አያቃጥላትም። «ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ ናት» አሉ። ጨመሩበት። «እንዲያውም ከዚያም ሳትቀድም አትቀርም።»

መቶ አለቃው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ከቡሬ ምሽግ መልእክት መጣ፤ ጥንታዊ ሥዕል ስለሆነች ከግድግዳው ተላቅቃ ወደ ሮማ ትሄዳለች፤ የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ራሱ መጥቶ ያስነሣታል።

ገበዙ ያን ዕለት ከዋርካው ሥር ተቀምጠው በመቋሚያቸው መሬት ሲጭሩ ታንጉት አገኘቻቸው።

«አባ፣ ምነው አሮጌ ናት አሉ?»

«እንዳያቃጥሉን ብዬ ነዋ ልጄ! አሮጌ ነገር የሚሰርቁ መሆናቸውን ማን ነግሮኝ?»

«አሁን ሄደው አዲስ ናት ይበሏቸዋ።»

«ሕዝቡ ፊት?» ሽማግሌው ዓይናቸው ውኃ ሞላ። «ይህን ሁሉ ዓመት ታጥባ ነው ብዬ? ስንቱ ተስሎባት፣ ስንቱ ለምኖባት! ከዚህ በኋላ ማን በእጄ ይናዘዛል? ማንስ አባ ይለኛል?»

ታንጉት ለእሳቸውም አዘነች፤ ለራሷም አዘነች።

በማግስቱ መቶ አለቃው አስተርጓሚውን ብቻ አስከትሎ መጣ፤ ግድግዳውን ለመለካት ነበር። ፀሐዩ ከባድ ስለነበር ከታንጉት ደጅ ጥላ ሥር ቆሙ። አስተርጓሚው ሃይለ ሚካኤል የሚባል የሐማሴን ልጅ፣ ቀልድ የማያጣው፣ «እትዬ፣ ውኃ ቢገኝ! ይህ ሰውዬ እንደ ሻማ እየቀለጠ ነው» አላት።

ጣሳውን ሞልታ ወጣች። ከድንጋጤዋ የተነሣ በግራ እጇ ዘረጋችው፤ ወዲያው አፍራ ወደ ቀኟ አዛወረችና ጎንበስ ብላ ሰጠች። መቶ አለቃው ጣሳውን ተቀበለ እንጂ አልጠጣም። እጆቿን አየ። የእንዝርቷን አቀማመጥ አየ፤ በግራ በኩል ነበር። ከዚያ በራሱ ቋንቋ ቶሎ ቶሎ ተናገረ።

ሃይለ ሚካኤል ራሱን አከከ። «እትዬ፣ ይህን እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ እንጃ። ሥዕሏ ላይ የሁለት ሰው እጅ አለ ነው የሚለው። አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራኝ። ልብሷን የሣላት ግራኝ ነው ይላል። እና… አንቺ ነሽ ወይ ይላል።»

ታንጉት በሩን ተደገፈች። ይህን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አፈር ለብሷል። አሁን ባሕር ተሻግሮ፣ አገሯን ወርሮ የመጣ፣ ፊቱ እንደ ሽንኩርት የተላጠ ልጅ ያንኑ ቃል አመጣባት። ልትጠላው ፈለገች። አልሆነላትም።

«ማን ነገረው?»

«ማንም። ትምህርቱ ነው አለ። በአገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ታላቅ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ የሥዕልን ታሪክ ተምሯል።»

«ሠዓሊ ነዋ።»

«የለም፤ መሣልስ አይችልም። የተማረው ማየት ነው።»

ታንጉት ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «ማየት? ዓይን ያለው ሁሉ ያይ የለም እንዴ?»

ሲተረጎምለት መቶ አለቃውም ሳቀ። «እናቱም ይህንኑ ነበር ያለችው» አለ ሃይለ ሚካኤል። «አባቱማ፣ ይህ ትምህርት ምን ያበላሃል ብሎ አንድ ዓመት አላነጋገረውም።»

«እውነቱን ነው። ምን ያበላል?»

ወጣቱ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሲናገር ፊቱ በራ። ሃይለ ሚካኤል ከሥር ከሥሩ ይከተለዋል። «ሥዕል ብቻ የሚኖርባቸው ቤቶች አሉ ይላል፤ ሰው አያድርባቸውም። የተማረው ሰው የዚያ ቤት ጠባቂ ይሆናል። አንዳንዱ መምህር ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ሀብታም ሥዕል ሲገዛ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለይለታል። የቆሰለ ሥዕል የሚያክምም አለ።»

«ሥዕል የሚያክም?»

«የተቀደደውን ይሰፋል፣ የረገፈውን ይሞላል። ሐኪም በይው። ሴቶችም አሉበት ይላል።»

ታንጉት ይህን አገር በዓይነ ሕሊናዋ ልታየው ሞከረች። ሰው የማያድርበት፣ ሥዕል ብቻ የሚያድርበት ቤት። ሥዕል አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሴት አጠገቡ ተቀምጣ ቀስ እያለች ቁስሉን ስትሞላ። እንዲህ ያለ ሥራ በምድር ላይ መኖሩ አስደነቃት። ወልደ ገብርኤል ይህን ሰምቶ ቢሞት ኖሮ ስትል አሰበች።

«እሱስ ከነዚህ ሁሉ ምን ሆነ?» አለች።

መቶ አለቃው ሲሰማ ብርሃኑ ከፊቱ ጠፋ። «እሱማ» አለ ሃይለ ሚካኤል፣ «ጠመንጃ ተሸክሞ ቡሬ መጣ።»

ከዚያ ታንጉት ጠየቀች፤ «ሥዕሏ አዲስ መሆኗን መቼ ነው ያወቀው?»

«ያየ ዕለት።»

«ታዲያ አሮጌ ናት ብሎ ለምን ጻፈ?»

ወጣቱ ጣሳውን እያዞረ መለሰ። ሃይለ ሚካኤል ሲተረጉም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስለወደድኳት ነው ይላል። አሮጌ ካልተባለች አይወስዷትም። ከሷ ጋር አገሩ ገብቶ የቤቷ ጠባቂ ለመሆን ተመኝቶ ነው።»

«የወደዱትን ሁሉ ከቤቱ ያወጣሉ?» አለች ታንጉት።

ይህን ሃይለ ሚካኤል ወዲያው አልተረጎመውም። ሲተረጉመው ወጣቱ ቀላ፤ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ለመሄድ ተነሥቶ ሳለ የመጨረሻውን ተናገረ። ሻለቃው ከጠየቀው አይዋሽም። ነገር ግን ቄሱ አሮጌ ናት እስካሉ ድረስ ማንም አይጠይቀውም፤ ራሱ የጻፈውን ራሱ ሊያፈርስ ደግሞ ድፍረቱ የለውም። እኔ ነኝ የሣልኳት የሚል ሰው ከተነሣ ግን ያን ጊዜ ይጠየቃል።

ደግ ሰው ነበር ለማለት ያስቸግራል። ማየት የሚያውቅ ሰው ግን ነበር።

ታንጉት ከዚያ በቀጥታ ወደ ገበዙ ቤት ሄደች። ሁሉን ነገረቻቸው። ሽማግሌው መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«የሴት እጅ? በመቅደሱ ግድግዳ ላይ?»

«ባሌ ነው እንኪ ብሎ ብሩሹን የሰጠኝ፣ አባ። ጊዜ አልነበረም፤ ደረቱን ያመው ነበር።»

«ዝም በይ! ለማንም እንዳትናገሪ። ጣሊያን ቢተዋት ሕዝቡ አይተዋትም። ካህናቱ አውርዱ ይላሉ፣ እሳት ውስጥ ትገባለች። ሮማም ሄዳ ብትኖር አይሻልም?»

ይህ ነበር ጭንቋ። ዝም ብትል ሥዕሏ ትሄዳለች፤ ብትናገር የገዛ ወገኗ ሊያቃጥላት ይችላል። በነዚያ ቀኖች እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች፤ ክሩ ይበጠስባታል። አንድ ነገር ግን ልቧን አላስቀምጥ አላት። ሮማ ላይ ሰው ሥዕሏን ሲያይ ወልደ ገብርኤል የሚባል ሰው፣ ታንጉት የምትባል ሴት፣ ዝናብና ጢስ እንደነበሩ ማን ይነግረዋል? ዐፄ ፋሲል ይሉታል፤ በቃ።

ቅዳሜ ዕለት ሻለቃው መጣ። ወፍራም፣ ቸኳይ ሰው ነበር፤ ከወታደሮቹ ሁለቱ መሰላል ተሸክመዋል። ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀዋል። ወታደሮቹ ገብተው ሥራ ጀመሩ፤ የቢላዋ ፍቀት እስከ ውጭ ተሰማ። ያ ድምፅ የታንጉትን አጥንት የሚፍቅ መሰላት። መቶ አለቃው ሲልቪዮ ከበሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ቁሙ!» አለች ታንጉት።

ድምፁ የሷ መሆኑን ራሷም አላመነችም። በሰዉ መካከል ወጣች። «ያቺ ሥዕል አሮጌ አይደለችም። የሣላት ባሌ ነው፤ ልብሷን እኔ ነኝ የሣልኩት።»

ከዚያ ሃይለ ሚካኤል ተረጎመው፤ ሻለቃው ሳቀ። ወደ መቶ አለቃው ዞሮ ጠየቀ። ወጣቱ ቀና አለና ቀጥ ብሎ መለሰ። ምን እንዳለ ማንም አልሰማም፤ ሻለቃው ግን ሳቁን ዋጠ።

«ይህች ሴት ከሆነች እዚሁ ትሣል ይላል» አለ ሃይለ ሚካኤል።

ታንጉት ቤቷ ገባች። ከሣጥኑ ሥር የባሏን ብሩሽ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የቀረውን ሰማያዊ፣ አንድ ቁራጭ አቡጀዲ አወጣች። ከዋርካው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘረጋችው። ብሩሹን በግራዋ ያዘች። ከሴቶቹ መካከል «ውይ! ግራኝ!» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ከዚያ ወልደ ገብርኤል ጎኗ ተቀምጦ «ይቺ አይጥ ብርቱ ናት» የሚላት መሰላት። መስመሩ ወደ ግራ እያዘነበለ ወረደ። አንድ አበባ ሆነ፤ ስድስት ቅጠል። ሌላ አበባ ሆነ። ልጆቹ እየተጋፉ ቀረቡ፤ አዋቂዎቹም ሹክሹክታቸውን ረስተው ቀረቡ።

ሲልቪዮ ጨርቁን ይዞ ከሻለቃው ጋር ወደ ውስጥ ገባ። ታንጉት ውጭ ቀረች። ያን ጊዜ ነበር ገበዙ ቄስ ወልደ ሥላሴ ከካህናቱ መካከል ወጥተው ሕዝቡ ፊት የቆሙት። ጥምጥማቸውን አውልቀው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «አሮጌዋን ዝናብ በላብኝ። ፈራሁና ታጥባ ነው አልኳችሁ። የፈለጋችሁትን በሉኝ።»

ወዲያው ሻለቃው እየተበሳጨ ወጣ። በበቅሎው ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ ብዙ ተናገረ፤ አብዛኛው ለመቶ አለቃው ነበር። ሕዝቡ ሃይለ ሚካኤልን አየው።

«ከዚህ ውስጥ ሊተረጎም የሚችለው ጥቂት ነው» አለ ሃይለ ሚካኤል። «ትላንት የተሠራ የባልቴት ሥራ ለመሸከም መርከብ አልመጣም ብሏል። ትተናታል ማለቱ ነው።»

ሲልቪዮ ቁራጩን ጨርቅ ለታንጉት ሊመልስ መጣ። ሲሰጣት አልለቀቀውም፤ በዓይኑ ለመናት። እሷ ግን ጎተት አድርጋ ወሰደችውና በጉያዋ አደረገችው። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣትና ሄደ። ከቡሬ ወደ ሌላ ምሽግ ተዛወረ የሚል ወሬ በኋላ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ያየውም የሰማውም የለም።

የጣሊያኖቹ አቧራ ሳይረግፍ የደብሩ መሪጌታ እጅጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጠላቱስ ሄደ» አሉ። «ነገር ግን ሴት የነካችው ነገር በመቅደሱ ግድግዳ ላይ እንዴት ይሁን? እስኪመከርበት ይውረድ።»

ታንጉት የፈራችው ደረሰ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«መሪጌታ!» አለች አንዲት ድምፅ። አስካለ ማርያም ነበረች፤ በዚያች ሥዕል ተስላ በስተርጅና ልጅ ያገኘች፣ አንደበቷን አገር የሚፈራው ሴት። «ታንጉት ሣልኩ ያለችው ፊቷን ነው?»

«ልብሷን ነው ያለችው።»

«ቀሚሷን፣ ካባዋን?»

«አዎን።»

«ታዲያ እመቤታችንን ማን ያልብሳት? እርስዎ?»

አንዱ ፈነዳ። ከዚያ ሌላው። መሪጌታ ሳይቀሩ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«አልቀለድሁም!» አለች አስካለ ማርያም። «ወንድ ሴት ያለብሳል እንዴ? ደግሞስ መጋረጃውን የፈተልነው እኛ አይደለንም? ከሥዕሏ ፊት የሴት ክር ሲንጠለጠል ያልከፋው፣ ከኋላው የሴት ቀለም ቢሆን ምን ሆነ? ልጄን የለመንኩት ከእመቤቴ ነው። ቀለሙን ማን በጠበጠው ብዬ አልጠየቅሁም፤ እሷም አልነገረችኝም።»

መሪጌታ እጅጉ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ… ምክር ይደረግበታል» አሉ። ምክሩ ሲደረግ ከረመ፤ ሥዕሏም ካለችበት አልወረደችም።

ለገበዙም ጥምጥማቸውን ከመሬት አንሥታ የመለሰችላቸው ታንጉት ነበረች። «አባ፣ ፀሐዩ ይመታዎታል» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው እንደ ድሮው ይናዘዝላቸው ነበር፤ እንዲያውም የፈራ ሰው ሁሉ ወደሳቸው ይሄድ ጀመር።

የወታደሩ ቢላዋ ግን የሥዕሏን የታችኛውን ጥግ አላቅቆት፣ የካባውንም ጠርዝ ቀዶት ነበር። ጦርነቱ ጊዜ አልሰጠም። በሠላሳ ሦስት ጣሊያን ከቡሬ ምሽግ ለቆ ወጣ፤ ወጀትም ፍኖተ ሰላም የሚል አዲስ ስም አገኘች። ክረምቱ ሊገባ ሲል ገበዙ እያነከሱ ወደ ታንጉት ደጅ መጡ።

«ልጄ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ከገባባት አትተርፍም» አሉ። «ቀለም በጥብጪ።»

«መቅደሱ አጠገብ ገብቼ እንዴት እሠራለሁ፣ አባ?»

«አንቺ አትገቢም። እሷ ትመጣለች።»

በማግስቱ ዲያቆናቱ ጨርቁን ቀስ አድርገው ከግድግዳው አላቀቁት። ያ ወታደሮቹ በቢላዋ የጀመሩት ሥራ ነበር፤ አሁን ግን በለብ ያለ ውኃ፣ በጣት ጫፍ፣ በዝማሬ። ከላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ በነጭ ሸማ ሸፍነው፣ በአጥሩ በር አድርገው ወደ ታንጉት ቤት አመጧት። ሴቶቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው እልል አሉ። አስካለ ማርያም፣ «ልብስ ልታሳጥብ ወጣች!» አለች።

ታንጉት ሥዕሏን አልጋው ላይ አስተኛቻት። ከዚያ ክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አየቻት፤ ወልደ ገብርኤል የሣለውን ቅንድብ፣ የዓይኑን ጥግ፣ ሳል ይዞት እጁ የዘለለችበትን አንዲት ቀጭን መስመር ከአገጩ ሥር። ያቺን መስመር በቀኝ እጇ ጣት ዳሰሰቻት። ልትሸፍናት ትችል ነበር፤ ተወቻት። ፊቱን አልነካችም። የተቀደደውን ሰፋች፤ የረገፈውን ሞላች። ያ ወጣት የነገራት፣ ሥዕል አልጋ ላይ ተኝቶ የሚታከምበት ቤት የሷው ጎጆ ሆኖ አገኘችው፤ ቀና ብላ የወደቀውን ማገር አይታ ብቻዋን ሳቀች።

ሥራው ሲያልቅ ገበዙ ብርዕና ቀለም ይዘው መጡ። «እንግዲህ መደበቅ ቀረ» አሉ። «ከሥሩ ስም ይጻፍበት።»

«የሱን ይጻፉ፣ አባ።»

ጻፉ። ከዚያ ቀና አሉ። «ያንቺስ?»

ታንጉት ብሩሹን እያጠበች ነበር። በእርጥብ ግራ እጇ ወደ ካባው ጠርዝ አመለከተች፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ መስመሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ወደ ግራ አዘንብለዋል።

«የኔ እዚያ አለ» አለች።

ገበዙ ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ አዩ። ከዚያ የብርዑን ጫፍ ጠርገው ወደ ሰገባው መለሱት።